እናቴ ጠላ ሻጭ፣ እኔ «ቢራ አዋቂ»

ሰው ውሽማ ይሸሽጋል፣ ዕዳ ይሸሽጋል፣ ልጅም የሚሸሽግ አለ። እኔ የሸሸግሁት ጣሳ ነው። አትሳቁ! ታሪኩን ጨርሳችሁ ከሳቃችሁ መብታችሁ ነው።

በቤታችን አጥር ላይ፣ በቀጭን እንጨት ጫፍ የተደፋ አንድ ጣሳ አለ። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ትርጉሙን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ «ግቡ፣ ጠላ አለ» ማለት ነው። እናቴ ጣሳውን የሰቀለችው አባታችን በሞተ በዓመቱ ነበር። ያኔ እኔ ሦስት ዓመቴ፣ እህቴ ደግሞ ሰባት ዓመቷ ነው። ዛሬ 29 ዓመት ሞልቶኛል። ጣሳው እየዛገ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ እንጨቱ ግን ያው ነው። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ የኮሌጅ የታክሲ ሒሳቤም የወጣው ከዚያ ጣሳ ሥር ነው።

ታዲያ ትምህርት ቤት እያለሁ «ጌሾ ጌሾ ሸተተኝ» እያለ አፍንጫውን የሚይዝ አንድ ልጅ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ነገር ግን አድጌ፣ ተምሬ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ከሆንኩ በኋላም ድምፁ ከጆሮዬ አልወጣም። ጠዋት ከቤት ስወጣ ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ነበር የማሸተው።

የቅዳሜ ጓደኞች

መሥሪያ ቤት ውስጥ አራት ጓደኞች አፈራሁ። አራቱም የቢራ ሰዎች ናቸው። ሰካራሞች እንዳይመስሏችሁ፤ «እኛ ቀማሾች ነን» ነው የሚሉት። ታላላቆቻችን አንድ ጊዜ ጊዮርጊስ ወይ ሜታ ካሉ፣ ወይ ሐረር ወይ በደሌ ከያዙ፣ እንደ ኳስ ክለብ እሱን ይዘው ይኖራሉ። በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. ዋልያ፣ ራያና ሐበሻ ተከታትለው ገበያ ሲገቡ ይህ ነገር ተናጋ። «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ክርክር ያኔ ተጀመረ። እኛ ለመጠጥ ስንደርስ ክርክሩ ሞቆ ጠበቀን።

በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲወጣ፣ ወሬው ወደ ስልካችን ገባ። «እዚያ ቤት አዲስ ድራፍት ገብቷል»፣ «እዚህ ጥቁር ቢራ እየቀዱ ነው» ከተባለ አምስታችንም ሰልፍ ነን። ቦሌ የነበረውን ቢራ ጋርደንን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ቢራውን እዚያው የሚጠምቅ ቤት ነው። ነጣ ያለው ብሎንዲ፣ ጠቆር ያለው ኢቦኒ ይባል ነበር። እኔን የለከፈኝ እሱ ነው። ከጠርሙስ ሳይሆን ከጎረቤት ክፍል የመጣ ቢራ! በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ማንበብ ጀመርኩ። ብቅል እንዴት እንደሚበቅል፣ ሆፕ የሚባለው አበባ መራራነትና ዕድሜ እንደሚሰጥ፣ የጀርመኗ ባቫሪያ በ1516 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ ብቻ ይሠራ ብላ እንዳዘዘች… አንድ በአንድ ለጓደኞቼ አስረዳለሁ። «ፕሮፌሰር» የሚል ስም ወጣልኝ።

ፕሮፌሰሩ ማታ ቤቱ ሲገባ እናቱ ጌሾ ትወቅጣለች። ፕሮፌሰሩ «ደከመኝ» ብሎ ይተኛል።

ነፋስ የሌለበት እሑድ

በዚሁ መሐል አንዲት ልጅ ወደድኩ። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ቁም ነገረኛ፣ ቀልድ አዋቂ። ዓመት ከመንፈቅ አብረን ሆነናል። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት «እናትህ ምን ይሠራሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ነጋዴ ናት።»

«የምን ንግድ?»

«የእህል።»

ውሸት ነው እንዳትሉኝ። ገብስ ትገዛ የለ! እንዲህ እያልኩ ለራሴ ጠበቃ ቆሜ ነበር።

አንድ እሑድ «ሽሮ ሜዳ ነጠላ ልገዛ ነው፣ በዚያውም ቤታችሁን አሳየኝ» ብላ ደወለች። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ነው። ልቤ ዘለለች። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እናቴ ዘንድ ሄጄ «እማዬ፣ ዛሬ ነፋስ አለ፤ ጣሳው ሰው ላይ እንዳይወድቅ ላውርደው?» አልኳት።

እናቴ ቀና ብላ የጎረቤትን ባሕር ዛፍ አየች። ቅጠል አልተነቃነቀም። ከዚያ እኔን አየች።

«አውርደው» አለች።

እሑድ ለጠላ ቤት ዋናው የገበያ ቀን ነው። ያን ዕለት ቤቱን ከሚያውቁት ደንበኞች በቀር ማንም አልገባም። ልጅቷን ደግሞ አስፋልት ላይ ተቀብዬ፣ «እናቴ ለቅሶ ሄዳለች» ብዬ፣ ነጠላዋን አስመርጬ ከዚያው ሸኘኋት። አያችሁ ውሸት ሲራባ? ጣሳው አንድ ነበር፣ ለቅሶ ተጨመረበት።

አምስት መቶ ብር እና አንድ ብርጭቆ

ባለፈው ጥቅምት የቢራ ፌስቲቫል አለ ተባለ። አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ሙዚቃ አለ፣ ጥብስ አለ፣ በየድንኳኑ በርሜልና ቧንቧ ተደርድሯል። መግቢያው 500 ብር ሲሆን፣ ጽሑፍ ያለበት አንድ ብርጭቆ ይሰጡሃል። መጠጡ በኩፖን ነው። አራቱ ጓደኞቼ፣ እኔና እሷ ሆነን ገባን።

አንዱ ድንኳን ላይ ሰልፉ የትየለሌ ነው። አርባ ደቂቃ ቆመን ደረስን። ቀጂው ጎልማሳ ብርጭቆዬን ሞልቶ ሰጠኝ፤ ቢራው ድፍርስ ነው። «ይሄ አልተጣራም» አለ በኩራት። «እርሾው ውስጡ ነው። በትንሽ በትንሹ ስለምንጠምቀው የሚቀጥለው ዙር ጣዕሙ ሊለይ ይችላል። ውበቱም እሱ ነው።»

እኔ ወዲያው ፕሮፌሰርነቴ ተነሣብኝ። ዞሬ ለጓደኞቼ ስለ እርሾ፣ ስለ ብቅል፣ ስለ ድፍርስነት ክብር ንግግር አደረግሁ። አንዳንድ የማላውቃቸው ሰዎችም ቆመው ሰሙኝ። እሷ ግን አንድ ጊዜ ተጎንጭታ፣ ጥቂት አስባ፣ «ይሄ እኮ ጉሽ ነው!» አለች።

«ምን?»

«ጉሽ ጠላ ነዋ! አያቴ ለጥምቀት የምትጠምቀውን ነው ያስታወሰኝ። ገና ሳይጠል እየቀዳን እንሰርቅ ነበር። አንተ ጠላ አትወድም?»

ጓደኞቼ ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። እኔ ጆሮ ውስጥ ግን የሳቀው ያ የልጅነት ልጅ ነው። አፌ ከልቤ ቀደመ፦

«ጠላማ ቆሻሻ ነው። እኔ በልጅነቴም ቀምሼው አላውቅም።»

ተናገርኩት። መሬት አልተሰነጠቀም፣ ዶሮም አልጮኸም። ሙዚቃው ቀጠለ። ያን ቀን በአጠቃላይ ያወጣሁት 2,800 ብር ነው።

ማታ ቤት ስደርስ እናቴ አልተኛችም። ጋን እያጠነች ነበር። የወይራው ጭስ ግቢውን ሞልቶታል። ብርጭቆዬን ተቀብላ እያገላበጠች አየችው።

«ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢራ ሊጠጣ ነው የዋለው?»

«ፌስቲቫል ነው እማዬ። ሙኒክ የሚባል የጀርመን ከተማ ውስጥ በ1810 እ.ኤ.አ. በአንድ ልዑል ሠርግ የተጀመረ ነገር አለ፤ በእሱ አምሳያ ነው።»

«ታዲያ የሠርግ ጠላ ነዋ!» አለችና ወደ ጋኗ ተመለሰች። «ደግሞ በአምስት መቶ ብር…»

ዋጋውን አልነገርኳትም ነበር። ለካስ ብርጭቆው ውስጥ የከተትኩት የመግቢያ ወረቀት ላይ ተጽፏል። እናቴ ከአንድ ጋን ወጪዋን ችላ የሚተርፋት 1,500 ብር ገደማ ነው። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ሙያዬ አይደል! ለጋኑ አሥር ቀን ትደክማለች። እኔ የሁለት ጋን ትርፏን የሚጠጋ ገንዘብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠጥቼ፣ ያሳደገኝን ቆሻሻ ብዬ ተመለስኩ።

«በሩ ላይ ጣሳ አለ»

ኅዳር እንደገባ እናቴ ወገቧን ያዛት። ቀጥ ብላ መቆም አቃታት። ችግሩ ደግሞ ለኅዳር ሚካኤል የማኅበር ጠላ ተቀብላለች፤ ቀብድም በልታለች። እህቴ አዳማ ናት፣ አራስ ናት። ሰው እንቅጠር ብላት «የሰው እጅ ጠላዬን አይነካም» አለች። የቀረው እጅ የእኔ ነበር።

እሷ አልጋ ላይ ሆና ታዛለች፣ እኔ እሠራለሁ። ጋኑን በግራዋ ፈትጌ አጠብኩ፤ በወይራ አጠንኩ። የጌሾውን ቅጠል ወቅጬ በውሃ ዘፈዘፍኩት፤ ጥንስሱ ይኼ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ቂጣ ጋግሬ፣ እየቆራረስኩ ከብቅል ጋር ጨመርኩ። ቂጣው አሮብኛል፤ «ግድ የለም፣ ቀለም ይሰጠዋል» አለችኝ። ቀጥሎ አሻሮና የጌሾ እንጨት ገብቶ ድፍድፉ ተደፈደፈ። ውሃ በቧንቧ ስላልነበረ በጀሪካን አመላለስኩ። ከቢሮ መልስ በየማታው እዚያው ነኝ።

እጄ ለሦስት ቀን መራራ ሆኖ ከረመ፤ እንጀራ ስበላ ጌሾ ጌሾ ይለኛል። ያኔ ነው የገባኝ። በሆፕ ስም ለሰው ንግግር የማደርግበት ሥራ፣ መራራ የማድረጉም፣ ቶሎ እንዳይበላሽ የመርዳቱም ሥራ፣ እዚህ የጌሾ ነው። ብቅሉ ብቅል ነው። «አልተጣራም» ብሎ ያ ቀጂ የኮራበት ድፍርስ፣ እናቴ ደንበኛ ፊት «ገና ጉሽ ነው፣ ይቅርታ» እያለች የምትቀዳው ነው። በዓለም «በእጅ የተጠመቀ፣ ቤት ለቤት ጣዕሙ የሚለያይ» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን፣ በከተማችን ስንትና ስንት እናት በጣሳ ምልክት ትሸጠዋለች።

ዓርብ ማታ ጓደኞቼ «ነገ አዲስ ድራፍት ይከፈታል» ብለው ደወሉ። አልችልም አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ደወለች።

«ምነው ጠፋህ? ፕሮፌሰር የሌለበት ቢራ ምን ይጣፍጣል እያሉ ነው።»

«እናቴን አሟታል።»

«ውይ! ልምጣና ልጠይቃቸዋ።»

እጄ ድፍድፍ ውስጥ ነው። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ይዤዋለሁ። ሌላ ለቅሶ ልፈጥር አሰብኩ፤ ግን ደከመኝ። ከድፍድፉ ይልቅ ያደከመኝ ውሸቱ ነው።

«ነይ። ግን… ጠላ እየጠመቅሁ ነው።»

«ምን እያደረግህ?»

«ጠላ። እናቴ የእህል ነጋዴ አይደለችም። ጠላ ሻጭ ናት።»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ያን ቀን ቆሻሻ ያልከውን?»

«አዎ።»

አሁንም ዝም። «ቤቱን በምን አውቀዋለሁ?» አለች በመጨረሻ።

«ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ስትወጪ፣ ሁለተኛው ቅያስ። በሩ ላይ ጣሳ አለ።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኳት።

መጣች። ብርቱካን ይዛለች። እናቴን ጎንበስ ብላ ሳመቻት። «እማማ፣ እንደምን ነዎት? ወገብዎ ተሻለዎት?» እናቴ ፊቷ በራ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን የኔ ልጅ። ይቅርታ… ማን ልበል?»

እዚህ ላይ ነው የሞትኩት። ለልጅቷ እናቴን ደብቄአለሁ፤ ለእናቴም ልጅቷን ደብቄአለሁ። ዓመት ከመንፈቅ! ሁለቱም እኩል ገባቸው። ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው አላዩም፤ ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

እሷ እጅጌዋን ጠቅልላ ወደ ድፍድፉ ሄደች። በጣቷ ቀመሰችና «እማማ፣ ጌሾው አልበዛም?» አለች። እናቴ ከአልጋዋ ሆና «እሱ ምን ያውቃል፣ ቢራ ነው የሚያውቀው» ብላ ሳቀች። እሷም ሳቀች። እኔ ጀሪካኔን ይዤ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ።

ማታ ስሸኛት በሩ ላይ፣ ጣሳው ሥር ቆመች።

«ጠላ መሸጥ ምን ነውር አለው?» አለችኝ። «እኔን የሚያስፈራኝ እናትህን እንደዚያ በቀላሉ መካድህ ነው። አምስት ሰው ስለሳቀ! ነገ እኔ ብታመም፣ ሥራ ባጣ፣ ምን ልትለኝ ነው? አላውቃትም?»

መልስ አልነበረኝም። «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» ብላ ሄደች።

የእናቴ ፍርድ

የማኅበሩ ጠላ በሰላም ደረሰ፤ ተመሰገነም። በማግስቱ ለእናቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ፌስቲቫል ላይ ያልኩትንም አልደበቅሁም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና እንዲህ አለች፦

«ጣሳውን ያወረድክ ቀን ነው የገባኝ። ነፋስ አልነበረማ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እኔ ያስተማርኩህ ጠላ ሻጭ እንድትሆን አይደለም። ብታፍር አልገረመኝም፤ ልጅ ነህ። የከፋኝ ሌላ ነው። አውርደህ መልሰህ አልሰቀልከውም። ማታ ወንበር ላይ ወጥቼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።»

ይኸው ነው። ስድብ የለ፣ እርግማን የለ። ከዚያ ወዲህ ጣሳውን ጠዋት የማወጣው፣ ማታ የማስገባው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ምን ልምከራችሁ?

ቢራ አትቅመሱ አልልም። እኔም አሁንም እቀምሳለሁ። አዲስ ነገር ሲጠመቅ ደስ ይለኛል፤ የአገራችን ጠማቂዎች ቢበዙም ደስ ይለኛል። ጠላንም መልአክ አላደርገውም፤ ጠላም ያሰክራል፣ ውሃውና ዕቃው ንጹሕ ካልሆነ ያሳምማል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በዚያው በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ክልክል ነው፤ ሕጉ ለቢራውም ለጠላውም ያው ነው። ከፌስቲቫል ስትወጡም መኪና አትንዱ፤ ታክሲ አለ።

የምለው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ብርጭቆ ስታነሡ ጣዕሙን ነው የምትፈልጉት ወይስ ሲያዩአችሁ ነው? እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታይ ነበር እንጂ ስቀምስ አልነበርኩም። ቀምሼ ቢሆን ኖሮ ጉሹን እሷ ሳትሆን እኔ ባወቅሁት ነበር፤ ያደግሁበት አይደል እንዴ!

ሁለተኛ፣ የወላጆቻችሁን ሥራ በመጀመሪያው ሳምንት ለወዳጃችሁ ንገሩ። ጉልት ትቸርችር፣ ዘበኛ ይሁን፣ ሊስትሮ ይሁን፣ ንገሩ። ሰምቶ የሚሄድ ከሆነ በጊዜ ሄደ። የሚቀር ከሆነ ደግሞ የሚቀረው ከእውነተኛው እናንተ ጋር ነው። እየቆየ ሲሄድ ግን ሥራው ሳይሆን ውሸታችሁ ነው የሚያሳፍረው።

ሦስተኛ፣ አውርዳችሁ ከሆነ፣ ዛሬውኑ መልሳችሁ ስቀሉ።

እሷስ? እንዳትሉኝ። ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ወራችን ነው። ትደውላለች። ግን የምትደውለው ለእናቴ ነው፤ ስለ ወገቧ ይጠያየቃሉ፣ ስለ ጌሾ ዋጋ ይጫወታሉ፤ እኔ ስልኩን አቀብላለሁ። ባለፈው እሑድ እናቴ ስትዘጋ «የፊታችን እሑድ እመጣለሁ ብላለች» አለችኝ።

«እኔን ልታይ?»

«ጉሽ ልትቀምስ» አለች እናቴ። «አንተን ደግሞ እናያለን።»

ለእሑድ የሚደርሰው ጠላ ተደፍድፏል። ጌሾውን በዚህኛው ዙር ቀነስ አድርጌዋለሁ።